ድንኳናችንን ይዘን ወደ ጨው ባሕር

በእኛ አገር የልጆች ረጅም ዕረፍት የሚውለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ትምህርት ቤቶቹ «ሰመር ካምፕ» እያሉ በራሪ ወረቀት ይበትናሉ። ወረቀቱ ላይ ፀሐይ፣ አሸዋና ባለ ቀለም ጃንጥላ ተስሎበታል፤ ይዛው የምትመጣው ልጅ ግን ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ፣ ሹራቧ ረጥቦ ነው ከበር የምትገባው። ፈረንጅ በዚህ ወቅት ወደ ባሕር የሚሄደው በጋው ስለሆነ ነው። እኛ ክረምታችንን በእሱ ቃል ጠርተን ልጆቻችንን እናጓጓለን።

የ12 ዓመቷ ልጄ በሚያዝያ ወር አንድ ማታ የጂኦግራፊ መጽሐፏን ዘግታ «እኔ እውነተኛ ባሕር አይቼ አላውቅም» አለች። እኔ ጎንደሬ ነኝ፤ ጣናን ባሕር እያልኩ ነው ያደግሁት። «ጣናን አይተሽ የለም እንዴ?» አልኳት። «እሱ ሐይቅ ነው፤ ጨው የለውም» ብላ አስታጠቀችኝ። የ8 ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ወዲያው ደገፋት። በዚያው ሳምንት ውጭ አገር የምትኖር የባለቤቴ እህት የላከችው ድንኳን ከዕቃ ቤት ወጣና ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። በነሐሴ፣ በባለቤቴ የዓመት ፈቃድ፣ ድንኳን ይዘን የጨው ባሕር ዳር አራት ሌሊት እናድራለን ተባለ።

ባለፈው ትውልድ ጊዜ ቢሆን ምፅዋ ወይም አሰብ ነበር የምንለው። አሁን ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቤተሰብ ቅርቡ የጨው ውኃ ጅቡቲ ነው። ባቡሩ ከለቡ ተነስቶ፣ አዳማንና አዋሽን አልፎ፣ ድሬዳዋ ደርሶ፣ ጅቡቲ ውስጥ ናጋድ ጣቢያ ይገባል። መንገዱ ከ750 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ልጆቹ ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በሰማያዊ፣ የአሳልን ሐይቅ በነጭ ቀቡት። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው። የተወለድኩባት ንፋስ መውጫ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ ጉና አለ፤ እሱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ስሟ እንደሚናገረው የነፋስ መውጫ ናት፤ በእኛ ቤት ግንቦት ላይ እንኳ ያለ ጋቢ የሚቀመጥ ሰው አላየሁም። የላይ ጋይንት ልጅ ወደ አሳል እወርዳለሁ ሲል፣ ካርታው ላይ አንድ ስንዝር፣ ሰውነቱ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ለዚህ ነው መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ሙቀቱ። በሐምሌና በነሐሴ ጅቡቲ ከተማ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ከ30 ብዙ ዝቅ አይልም። ከበረሃው የሚነፍስ ደረቅ ትኩስ ነፋስ አለ። ባሕሩ ራሱ ሞቆ ያድራል፤ ቀዝቀዝ ልበል ብሎ ለሚገባ ሰው ለብ ያለ ውኃ ነው የሚጠብቀው። አቅሙ ያላቸው የከተማው ነዋሪዎች በእነዚህ ወራት ሸሽተው ወደ ደጋ፣ ወደ እኛ አገር ይወጣሉ። እነሱ ሲወጡ እኛ ድንኳን ተሸክመን ልንወርድ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ነው፤ ሙቀት ሲባል የሶደሬ ዕረፍት ይመስለዋል። «አየሩን እንለምደዋለን» አለ። እኔ ጠረጠርኩ፤ ግን ሦስት ሆነው ድምፅ ሰጡና ተሸነፍኩ።

ስለ ድንኳኑ የተማርነውን እዚህ ላይ ላካፍላችሁ፤ ከእኛ ቀድማችሁ የምትሄዱ ትኖሩ ይሆናልና።

ድንኳኑ ላይ «ለ4 ሰው» ተብሎ ተጽፏል። አራት ሰው ይገባል፤ ግን ሻንጣ፣ ጫማና ትንፋሽ አይጨመርም። ለሙቅ አገር የሰውን ቁጥር በሁለት ከፍ አድርጎ መግዛት ይሻላል። ከዚያ ዋናው ነገር ሽፋኑ ነው። የእኛ ድንኳን ሁለት ድርብ አለው፤ ውስጡ መረብ፣ ላዩ ዝናብ የሚከለክል ሽፋን። ለብርድ አገር ሁለቱም ይለበሳሉ። በሙቅ ባሕር ዳር ግን ላዩን ገፎ መረቡን ብቻ መትከል፣ ከዚያ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ ሰፊ ሸራ ለጥላ መወጠር ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የተዘጋ ድንኳን ከውጭው በላይ ይግላል፤ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅ ተኝቶበት ከሆነ ዳቦ ቆሎ ሆኖ ነው የሚወጣው። ካስማውም አሸዋ ውስጥ አይቆምም። ከረጢት በአሸዋ ሞልቶ፣ ገመዱን እሱ ላይ አስሮ መቅበር ነው መፍትሔው። ቦታ ሲመረጥ ማዕበሉ ማታ እስከ የት እንደሚደርስ በደረቀው አረምና ቀንድ አውጣ መሥመር መለየት ይቻላል፤ ከመሥመሩ በላይ መራቅ ነው።

አንድ አጎቴ በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር። ስልክ ደውዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «እኛ ቤት ውስጥ መች እናድር ነበር! አልጋችንን ደጅ አውጥተን ነበር የምንተኛ» አለኝ። የባሕር ዳር ሰው ለሙቀት ያገኘው መላ ይኸው ነው፤ ከግድግዳ መውጣት። ድንኳን ስንገዛ ስለ ሽፋኑ ውፍረት የምንጠይቀው እኛ ደገኞቹ ብቻ ነን።

ውኃውን ባለቤቴ አሰላ። በእንዲህ ያለ ሙቀት አንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን እስከ 5 ሊትር ያስፈልገዋል። ለአምስት ሰው፣ ለአራት ቀን 100 ሊትር ነው፤ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ማጠቢያና ማብሰያው ሳይቆጠር። ባሕር ዳር ሰፍሮ ውኃ መጥማት አዲስ ታሪክም አይደለም። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ከምፅዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ድንኳኑን ሲተክል፣ ለዚያ ሁሉ ሺህ ሰውና ከብት የሚበቃ ውኃ በአካባቢው ስላልነበረ በመርከቦቹ እንፋሎት የባሕሩን ውኃ እያፈሉና እያቀዘቀዙ ነበር የሚጠጡት። በዚያው ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስነስተው፣ በእኛ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል፣ መንገድ እያስጠረቡ ወደ መቅደላ ይጎትቱ ነበር። ልጄን ይህን ስነግራት «ታዲያ እነሱም ካምፒንግ ላይ ነበሩ» አለች። ሠራዊቱ በሰማ!

አምስተኛዋ ሰው እናቴ ናት። በግንቦት መጨረሻ ለሕክምና ከንፋስ መውጫ መጣች፤ የደም ግፊት አለባት። ልጆቹ ገና ሻንጣዋ ሳይፈታ «እምዬ፣ አንቺም ትመጫለሽ፤ ባሕር ዳር ልንሄድ ነው» አሏት። ባሕር ዳር አላስደነቃትም። «ትናንት በእሷው በኩል አይዶለም የመጣሁ?» አለች። የጨው ባሕር መሆኑ ሲገባት ደግሞ «ቆላ?» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያደገ ሰው ይህን ቃል እንዴት እንደሚላት ያውቃል። የእኛ ደጋ ጫፉ ላይ ገደል ነው። ከስማዳና ከታች ጋይንት ወደ በሽሎ፣ ከእስቴ ወደ ዓባይ ሲወረድ ከብርድ ወደ ሐሩር የሚደረሰው በአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። ማሽላ ለመሸመት፣ ከብት ለማሰማራት፣ ለቀን ሥራ የወረደ ሰው ወባ ይዞ ይመለሳል፤ አንዳንዱም አይመለስም። አዲስ አበባ ያለ ሰው የደገኛን የቆላ ፍርሃት እንደ ኋላ ቀርነት ያየዋል። እኔ ግን ስለ ጅቡቲ ሳነብ ለእናቴ የሚመሰክር ነገር አገኘሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው ጅቡቲ ነው። ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በታንከር ውኃ ትራባለች፤ በደረቁ ወቅትም አትጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችውም እሷ ናት። ባቡሩ በሁለቱም ከተሞች ያልፋል። እኛ ደገኞች ደግሞ ለወባ የለመደ ደም የለንም። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ሐኪም ጠይቆ መከላከያ መድኃኒት መያዝ፣ የድንኳኑን መረብ ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ ዘግቶ ማቆየት፣ ማታ እጅጌና ሱሪ ረጅም መልበስ፣ ከተመለሱ በኋላም ለሳምንታት ትኩሳት ሲመጣ ጉንፋን ነው ብሎ ችላ አለማለት ያስፈልጋል። የእናቴ «ቆላ?» በአንድ ቃል ይህን ሁሉ ብላ ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ደረቅ ቅዳሜ፣ ድንኳኑን ለሙከራ ግቢያችን ውስጥ ተከልነው። ልጄ ምሰሶውን ስታስገባ፣ ወንድሟ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ለጎረቤት ልጅ «እኛ ቤት ድንኳን ተተከለ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የእድራችን ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጥቁረው በር ላይ ቆሙ። አንዷ እኔን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ለሕክምና እንደመጣች ሰፈሩ ያውቃል። እናቴ ራሷ ከሳሎን ወጥታ «እንደምን ዋላችሁ» ስትላቸው ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን ያስቀኛል። ቡና ተፈላ፤ ተሳቀ። በእኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ነው ወይም ለለቅሶ፤ ለመዝናናት ነው ብሎ የሚገምት የለም።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ልጆቹ እናቴን እጇን ይዘው ወደ ድንኳኑ ጎተቷት። በሩ ድረስ ሄደች። ጎንበስ ብላ ሸራውን በጣቶቿ ነካች፤ ከዚያ እጇን ሰበሰበች። «እናንተ ግቡ፤ እኔ እዚህ ሁኜ አያችኋለሁ» አለች። ልጆቹ ለመኑ፤ አልገባችም።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብቻችንን ተቀምጠን ነገረችኝ። ከእኔ በፊት ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ። «በሰባ ሰባት አለፈ» ነው የሚባለው በቤታችን፤ ማንም ከዚያ በላይ ጠይቆ አያውቅም። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከጋይንትና ከአካባቢው ብዙ ሕዝብ እርዳታ ፍለጋ ወደ እብናት ወረደ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከመጠለያው እንዲወጣ መደረጉ በዓለም ተወርቷል። እናቴ ያኔ እዚያ አልነበረችም፤ ቀድማ ወጥታለች። ስትገባ ልጇን አዝላ ነበር፤ ስትወጣ ጀርባዋ ላይ የነበረው አንቀልባው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት አልሞላውም። «ሌሊት ነው። ሸራው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነበር። ለሊቱ ብርድ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ያ ሸራ ያፍናል። ሽታው ያው ነው» አለችኝ። «የቱ ሽታ?» አልኳት። «የዚህ። የድንኳናችሁ» አለች። ከዚያ ተነስታ እጇን ታጠበች።

በማግስቱ ድንኳኑን አፍርሼ ወደ ዕቃ ቤት መለስኩት። ለልጄ ሁሉንም ሳይሆን የሚገባትን ያህል ነገርኳት። ምንም አላለችም፤ ካርታውን ግን ከግድግዳው ልታነሳ ስትል እናቴ አይታ ከለከለቻት። ለባለቤቴም የነሐሴው ነገር እንዲቀር ነገርኩት። ምክንያቴ ሁለት ነበር። አንዱን አሁን አነበባችሁት። ሌላውን የእናቴ ሐኪም ነው የሰጠኝ፤ ለደም ግፊቷ የምትወስደው መድኃኒት ውኃ ከሰውነት የሚያስወጣ ስለሆነ በዚያ ሙቀት ሰውነቷ ቶሎ ሊደርቅ፣ ግፊቷም በድንገት ሊወርድ ይችላል። እናንተም ቤት በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ፣ ወደ ሐሩር ከመሄዳችሁ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሐኪም ጠይቁ። ባለቤቴ አኮረፈ። እናቴ ትቅር ሊል አስቦ እንደነበር ከፊቱ አነበብኩ፤ አላለም እንጂ። ቢልም እሺ አልለውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ያስተከለችው እናቴ ናት። ላዩን ሽፋን አስወልቃ፣ መረቡን ብቻ አስቀርታ፣ ፀሐይ ላይ ስታናፍሰው ውላለች። ውስጡን በዕጣን አጥናዋለች። በርጩማ ይዛ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ዚፑን ታሳብባለች፤ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ይህ መስኮት አለው» አለችኝ።

«አዎ፣ በአራቱም በኩል።»

«ሰማዩም ይታያል።»

«ሽፋኑ ካልተደረገበት ይታያል።»

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «በሩ ካልተዘጋ አድራለሁ» አለች። ትንኝ እንዳለ ብነግራትም «እንግዲያው መረቡን ዝጉት፤ ሸራውን ግን እንዳትዘጉብኝ» አለች። በዚህ ተስማማን። የእሷ ሁኔታና የሙቅ ባሕር ዳር የድንኳን አተካከል አንድ ሆነው መገጣጠማቸው ገረመኝ።

ጊዜውን እንዲህ አዛወርነው። የጨው ባሕሩ ጉዞ በጥር መጨረሻ፣ በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት መካከል ባለው የትምህርት ዕረፍት ሆነ። ያኔ የጅቡቲ ቀን 30 ዲግሪ አካባቢ ይውላል፤ ማታው ነጠላ ያስደርባል። በዚያ ወቅት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የዓለም ትልቁ ዓሣ፣ የዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባለው፣ ሊታይ ይችላል፤ ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ወደዚያ ይመጣል። ሰው አይበላም፤ ልጄ ይህን ለሴት አያቷ አስር ጊዜ ያህል አረጋግጣለች። ለእናቴ ፓስፖርት ማውጣት አለብን፤ ቪዛውን፣ ድንኳን መትከል የሚፈቀድበትን የባሕር ዳርም ከወዲሁ መጠየቅ። የዕረፍቱ ቀን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ፣ ከመምህራኑ ሳታረጋግጡ ትኬት አትቁረጡ።

ነሐሴን ደግሞ ባዶ አልተውነውም። ለልምምድ ላንጋኖ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ውኃው ቡናማ ቢሆንም ይዋኙበታል፤ ሙቀቱም ለእናቴ የሚከብድ አይደለም። ዝናብ ቢመጣ ሽፋኑ መደረጉ አይቀርም። ያን ጊዜ እናቴ ምን እንደምትል አላውቅም። ሎጁ ውስጥ አንድ ክፍል ለእሷ ይዣለሁ፤ አልነገርኳትም።

የምግቡን ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ወስዳዋለች። ባለቤቴ የቆርቆሮ ምግብ ዝርዝር አውጥቶ ነበር፤ አይታ መለሰችለት። «አንቱ ልጅ፣ ይህ የበሽተኛ ምግብ ነው» አለችው፤ ሲቆጣ «አንቱ» ትለዋለች። እንጀራ በእርጥብ ሙቀት በሁለት በሦስት ቀን እንደሚሻግት ስለምታውቅ ድርቆሽ ታዘጋጃለች። ቋንጣ፣ ጭኮ፣ በርበሬው የተለየ ምጥን ሽሮ። ዋናው ግን በሶ ነው። ጠዋት እሳት ሳይነድ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት ይጠጣል፤ ላብ ለሚያወጣ ሰውነት ከዚህ የተሻለ ቁርስ ያዘጋጀ ካለ ይንገረኝ። የቀደሙት ነጋዴዎቻችን ቆላ ሲወርዱ ስልቻቸው ውስጥ የነበረው ይኸው ነው።

ባለፈው እሁድ ጉና ሥር ላለች ዘመዳችን ደውላ የኅዳሩ ገብስ ሲታጨድ ሁለት ቁና እንድታስቀምጥላት አዘዘች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና ሁሉንም ሰማን። ዘመዳችን ገብሱ ለምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ለባሕሩ ነው፤ ባሕር ዳር ድንኳን ተክለን ልናድር ነው» አለች እናቴ።

ወዲያ ማዶ ዝምታ ሆነ። ከዚያ «ኧረ በስማም! ባሕር ዳር ዘመድ ሞልቶልሽ ድንኳን ምን ሊሠራልሽ ነው?» አለች።